የበንቲ ኮርሳ ሁለቱ ጉድጓዶች

አቶ በንቲ ኮርሳ ጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው። ከላፍቶ እስከ ጀሞ፣ ከጀሞ እስከ ለቡ መብራት ኃይል ድረስ በቆሙት ቤቶች ሥር የእሳቸው ዶማ ያላረፈበት መሬት ጥቂት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ የውኃ ማጠራቀሚያና የቤት መሠረትም ይቆፍራሉ። ዕድሜያቸው ስድሳ አንድ ሆኗል። ቁመታቸው አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነው። በሥራቸው ላይ ሁለት ጥብቅ ሕጎች አሏቸው። አንደኛው፣ የጉድጓድ ጥልቀት የሚለካው ከአፉ ነው። ሁለተኛው፣ የተጀመረ ጉድጓድ አፉ ባዶውን አያድርም፤ የወጣው አፈር በዙሪያው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ተደርጎ ይከተራል። ይህን ሕግ ካወጡ ወዲህ እሳቸው በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ልጅም ጥጃም ወድቆ አያውቅም።

ወደዚህ ሥራ የገቡት ዘግይተው ነው። የተወለዱት እዚያው ላፍቶ፣ ዛሬ ቤት ከቤት በተጣበቀበት መሬት ላይ፣ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት በነበረ ጊዜ ነው። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ማሳው ተሸንሽኖ አለቀ፤ ለእሳቸው የቀረው ቤታቸው የቆመበት ቦታና ከቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ ብቻ ሆነ። በቀን ሠራተኛነት ተቀጥረው መጀመሪያ የቆፈሩት መሠረት፣ አባታቸው ሽምብራ ይዘሩበት በነበረው ቦታ ላይ ነበር። ስለዚህ ነገር የሚጠይቃቸው ሰው ቢኖር፣ «አፈሩን አውቀው ስለ ነበር ሥራው አልከበደኝም» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ገዲሴ ሦስት ልጆች ወልደዋል። ሁለቱ ትዳር ይዘው ወጥተዋል። የመጨረሻዋ ኦብሴ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ይዟት ከሞት ተረፈች፤ ዓይኖቿ ግን አልተረፉም።

ዓይነ ስውር ተማሪ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደባል። ይህ የሚሆነው ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሥዕልና ግራፍ የበዛበትን ትምህርት በጆሮ ብቻ መከታተል አይቻልም ተብሎ ስለሚታመን ነው። ኦብሴ ግን የተፈጥሮ ሳይንስ ካልሆነ አልማርም አለች። የትምህርት ቤቷ ምክትል ርእሰ መምህርት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ አቶ በንቲን ቢሮ አስጠርተው ውሳኔያቸውን ነገሯቸው። ኦብሴ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት በተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ትማራለች፤ በጥር ወር መጨረሻ የሚሰጠውን የፊዚክስ ፈተና ካለፈች ትቀጥላለች፤ ከወደቀች ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ትዛወራለች።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ ይህን እኔም አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። «ነገር ግን ተስፋ ሰጥቶ ኋላ መንሳት ይከብዳል፣ አቶ በንቲ።»

«ሞክራ ይቅርባት» አሉ አቶ በንቲ። «ሳትሞክር ግን አይቅርባት።»

የፊዚክስ መምህሯ መምህር አስረስ ይባላሉ። በኅዳር ወር ትምህርቱ ስበት ላይ ደረሰ። ከዚያም ተማሪዎችን ዘወትር ግራ የሚያጋባው የስበት እምቅ የሚባለው ክፍል መጣ። መምህሩ እንዲህ ብለው አስረዱ፦ አንድ ነገር ከሰማይ አካላት ሁሉ እጅግ ርቆ ሲገኝ እምቁ ዜሮ ነው፤ ያ ቦታ እንደ ሜዳ ይታሰብ። ወደ አንድ አካል ሲቀርብ ከሜዳው ዝቅ ይላል፤ እየቀረበ በሄደ መጠን ይበልጥ ይጠልቃል። አካላቱ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ ደግሞ፣ እያንዳንዱ በዚያ ቦታ ላይ የሚያመጣው ጥልቀት ለየብቻ ይሰላና ይደመራል። መምህሩ ይህን ሲሉ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ጉድጓዶች ያሉበት መስመር ሣሉ። አምሳ ሁለት ተማሪዎች ሥዕሉን ገለበጡ። ኦብሴ የጠመኔውን ድምፅ አዳመጠች።

ከክፍል በኋላ መምህር አስረስ ቁጥሮች የሞሉበት ወረቀት ሰጧት። ሁለት አካላት አሉ፤ ትልቁ ከትንሹ አራት እጥፍ ይከብዳል፤ በመካከላቸው ስድስት ሜትር አለ። ትልቁ የሚያመጣው ጥልቀት በሳንቲ ሜትር ሲለካ ሰማንያ ለርቀቱ ተካፍሎ ነው፤ የትንሹ ደግሞ ሃያ ለርቀቱ ተካፍሎ። ወረቀቱ በየሜትሩ ያለውን ድምር ይዘረዝራል። መምህሩ ያሰቡት፣ ሁሉም ነገር መጠኑ ተቀንሶ ትሪ ላይ በጭቃ እንዲሠራላትና በእጇ እንድትዳስሰው ነበር።

«ትሪ ላይ?» አሉ አቶ በንቲ ይህን ሲሰሙ። «ትሪ ላይ እጅሽ ስንት ይሄዳል? በእግርሽ ሂጂበት።»

«አባ፣ ስድስት ሜትር እኮ ነው የሚለው! ከግራና ከቀኝ ሲጨመርበት ጓሮው ያልቃል።»

«ይበቃል። እኔ ለክቼዋለሁ።»

«ጎመኔስ?» አሉ ወይዘሮ ገዲሴ ከበሩ ላይ።

«ወደ አጥሩ እናዛውረዋለን።»

«ወደ አጥሩ! የጎረቤታችን የቦንሳ ዶሮ አንገቷን አስገብታ በሁለት ቀን ትጨርሰዋለቻ!»

«አንቺ ደግሞ ዶሮዋን በአንድ ቀን ጨርሻት» አሉ አቶ በንቲና ዶማቸውን ሊያመጡ ሄዱ።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። አቶ በንቲ በየማለዳው ወደ ቀን ሥራቸው ከመሄዳቸው በፊት፣ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይቆፍሩ ነበር። ኦብሴ ቁጥሮቹን በብሬል ገልብጣ ስለ ነበር በርጩማ ላይ ተቀምጣ በጣቷ እያነበበች ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው በእንጨት መለኪያ እየለኩ ያወጣሉ። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ የሚኖሩት አቶ ቦንሳ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው፤ አንድ ቀን ድንጋይ ላይ ቆመው አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አሻገሩ።

«አንተ በንቲ፣ ማንን ልትቀብር ነው? ሁለት ጉድጓድ ምን አመጣው?»

«አንዱ ምድር ነው፤ አንዱ ጨረቃ።»

«ጨረቃ? የጨረቃ ቤት ሲሠራ አይቻለሁ፤ የጨረቃ ጉድጓድ ግን ገና አሁን አየሁ! ደንብ አስከባሪዎቹ ከሰሙ ይህንንም ያፈርሱብሃል።»

«ጉድጓድ እንዴት ይፈርሳል?»

«ደፍነውት ይሄዳሏ!»

እርግጥ ነው፣ ቁጥሮቹ የምድርና የጨረቃ አልነበሩም፤ ምድር ከጨረቃ በሰማንያ አንድ እጥፍ ትከብዳለች፤ ያንን ጓሮ ውስጥ ማስገባት አይቻልም። አቶ በንቲ ግን ስሞቹን ወደዷቸው፤ እንደዚያው ቀሩ።

ሁለቱ ጉድጓዶች ሲያልቁ አቶ በንቲ እንደ ልማዳቸው ዙሪያቸውን ከተሩ። ኦብሴ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር እግሯ እንዳይስት ብለውም፣ በሁለቱ መካከል አፈሩን ጠቅጥቀው ከፍ ያለ መተላለፊያ አበጁላት። ልጅቱ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ትሄድበት ጀመር። ከጓሮው በር ትነሣለች፤ ክትሩን ትወጣለች፤ ወደ ትልቁ ጉድጓድ ትወርዳለች፤ ተመልሳ ትወጣና በመተላለፊያው ወደ ትንሹ ትሻገራለች። አባቷ ሥራ ያልያዙ እንደ ሆነ ከኋላዋ ቆመው ያዩአታል።

በታኅሣሥ አጋማሽ መምህር አስረስ አጭር ፈተና ሰጡ፤ ኦብሴን በቃል ፈተኗት። ከሩቅ የመጣ ድንጋይ ወደ ትልቁ አካል ሲቀርብ እምቁ እንዴት እንደሚለወጥ ጠየቋት።

«መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቲቸር። ከዚያ ይወርዳል።»

መምህሩ ጥያቄውን ደገሙላት። መልሷን ደገመች። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ አለፉ፤ በሁለቱ አካላት መካከል፣ ስበታቸው እኩል ሆኖ ወደየትም በማይጎትትበት ቦታ ላይ፣ እምቁ ስንት ነው?

«ቁጥሩ ሠላሳ ነው፤ ወረቀቱ ላይ አለ። ከሩቁ ሜዳ ሠላሳ ከፍ ያለ።»

መምህር አስረስ አሥራ ሰባት ዓመት አስተምረዋል። በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ተማሪ «ዜሮ» ብሎ ሲሳሳት ሰምተዋል፤ ስበቱ ሲጣፋ ጥልቀቱም አብሮ የሚጣፋ ይመስላቸዋል። ያ ቦታ ከሜዳው ከፍ ይላል ያለ ተማሪ ግን ገጥሟቸው አያውቅም።

«ይህን ማን ነገረሽ?» አሏት።

«ማንም አልነገረኝም። በእግሬ ሄጄበት ነው።»

ከአሥር ሦስት አገኘች። ለጥር ወሩ ፈተና የቀረው ስድስት ሳምንት ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ መምህር አስረስ ከጀሞ በሚኒባስ ተሳፍረው ላፍቶ ወረዱና የአቶ በንቲን ቤት ጠይቀው አገኙ። ጓሮው ውስጥ ሁለቱን ጉድጓዶች አዩ። ትሪ የሚያህል ነገር ጠብቀው ነበር። ከዚያም ጫማቸውን እንዳደረጉ ከበሩ ተነሥተው ተማሪያቸው የምትሄድበትን መንገድ ሄዱ። ክትሩ ጋ ሲደርሱ ወጡ፤ ቆሙ፤ ወደ ታች አዩ።

«አቶ በንቲ፣ ይህ በዙሪያው ያለው ምንድን ነው?»

«ክትር ነው።»

«ለምን ተሠራ?»

አቶ በንቲን ጥያቄው ራሱ አስገረማቸው። «እንዳትወድቅ ነዋ፣ መምህር።»

መምህር አስረስ ክትሩ ላይ ተቀመጡ። የተማሪያቸውን ስህተት ምክንያት አግኝተውታል፤ ለአባቷ በምን ቃል እንደሚነግሩ ግን አላወቁም። በመጨረሻ ቀለል አድርገው ተናገሩ።

«ሰማይ ላይ ክትር የለም፣ አቶ በንቲ።»

«ምንም?»

«ምንም። ከሩቅ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ነው። ኦብሴ ግን ከመውረዷ በፊት ትወጣለች፤ ሰማዩም እንደዚያ መሰላት። በመካከል ያለው መተላለፊያም ከሜዳው ዝቅ ማለት ሲገባው ከፍ ብሏል።»

አቶ በንቲ ጉድጓዶቹን ተራ በተራ ተመለከቱ። «ታዲያ ጨረቃ እንዴት ሳትወድቅ ቀረች?»

«እየወደቀች ነው። ነገር ግን ወደ ጎን ትሮጣለች፤ በወደቀች ቁጥር ምድርን ትስታታለች።»

«ሩጫዋ ነው ያተረፋት በሉኛ።»

«ሩጫዋ ነው።»

ኦብሴ ድምፃቸውን ሰምታ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ እንዴ፣ አባ?» አለች።

«አይደለሽም» አሉ አቶ በንቲ። «አንቺ የረገጥሽውን በትክክል ተናግረሻል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

መምህር አስረስ ጥልቀቱ ከየት እንደ ተለካ ጠየቁ። ከጉድጓዱ አፍ መሆኑን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ የምንለካው አካላቱ ጨርሶ ከማይደርሱበት ከሩቁ ሜዳ ነው» አሉ።

«ሩቁ ሜዳ የት ነው ያለው?»

«እዚህ ግቢ ውስጥ የለም። አጥሩ ሥር እንኳ ብንቆም ገና ትንሽ ዝቅ ብለን ነው ያለነው።»

አቶ በንቲ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው ሌንዛ እወጥራለሁ» አሉ። ሌንዛ ግንበኞች ቀጥ ያለ መስመር ለማውጣት የሚወጥሩት ቀጭን ገመድ ነው። «ሌንዛው ያ ሜዳ ይሁን። ልኬቱን ሁሉ ከእሱ ወደ ታች እወስዳለሁ።»

መምህር አስረስ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ይህን ነገር ከዚህ በተሻለ አስረድተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ወይዘሮ ገዲሴም ምሳ ሳይበሉ እንዳይሄዱ ከለከሏቸው።

ሰኞ ማለዳ አቶ በንቲ አካፋቸውን ይዘው በክትሩ አጠገብ ቆሙ። ወዲያው አልጀመሩም። ስለዚህ መቆም በቂ ምክንያት ነበራቸው። ኦብሴ ብርሃኗን ባጣች በዓመቱ፣ በዚሁ ጓሮ ውስጥ ለመጸዳጃ ቤት የጀመሩትን ጉድጓድ አፉን ሳይከትሩ ትተውት ምሳ ሊበሉ ገብተው ነበር። ሕፃኗ ድምፃቸውን ፍለጋ ስትመጣ ወደቀች። የትከሻዋ አጥንት ተሰብሮ ሁለት ወር በፋሻ ታስሮ ከረመ። ሁለተኛው ሕጋቸው የወጣው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥራ ሁለት ዓመታት አንድም ጉድጓድ ሳይከትሩ ትተው አያውቁም፤ አሁን በገዛ ልጃቸው መንገድ ላይ ያለውን ክትር በገዛ እጃቸው ሊያነሡ ነው።

ወይዘሮ ገዲሴ ከቤት ወጥተው አጠገባቸው ቆሙ።

«እሷ ፈርታለች?» አሉ አቶ በንቲ።

«አልፈራችም። ‹መቼ ነው የሚያልቀው?› እያለች ነው ያደረችው።»

«እኔ ፈርቻለሁ።»

«ፈርተህም ቢሆን አንሣው» አሉ ወይዘሮ ገዲሴ፤ ባሬላውንም በአንድ በኩል ያዙላቸው።

ባልና ሚስቱ አፈሩን በባሬላ እየተሸከሙ ከግቢ አወጡ። ክትሩ ከተነሣ በኋላ ከባዱ ሥራ ቀጠለ። መተላለፊያው ተቆፍሮ ከሌንዛው ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ከዚያ ወደ ትልቁም ወደ ትንሹም መሬቱ በቁጥሩ መሠረት እንዲያዘቀዝቅ ተላገ። በውጭ በኩልም ጓሮው በሙሉ እስከ አጥሩ ድረስ ቀስ እያለ ዝቅ ማለት ነበረበት። ጎመኑ ለሁለተኛ ጊዜ ተነቀለ። በአጥሩ ሥር እንኳ ሌንዛው ከመሬት አንድ መዳፍ ያህል ከፍ ብሎ ቀረ፤ መምህሩ እንዳሉት።

ሥራው ባለቀበት ቀን ከሰዓት በኋላ ኦብሴ ጫማዋን አውልቃ ከበሩ ተነሣች። በግራ እጇ ሌንዛውን ለመዳሰስ ጎንበስ ትላለች፤ እንደ ገና ቀና ብላ ትራመዳለች። አቶ በንቲ እጃቸውን ዘርግተው አንድ እርምጃ ከኋላዋ ይከተሏት ነበር። መጀመሪያ ቁልቁለቱ የማይታወቅ ያህል ነበር። ከዚያ እየበረታ ሄደ። ወደ ትልቁ ጉድጓድ አንድ ሜትር ተኩል ሲቀራት ተረከዟ አዳለጠና በመቀመጫዋ ተንሸራታ ታች ደረሰች።

አባቷ ዘለው ገቡ። «ተጎዳሽ? የቱ ጋ ነው?»

ኦብሴ እየሳቀች ነበር። «ተወኝ አባ፣ ተወኝ! ሲጎትተኝ ተሰማኝ እኮ! መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነው፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ነው የሚበረታው። ርቀቱ ሲያንስ ማካፈሉ ለካ እንደዚህ ነው የሚያደርገው!»

አቶ በንቲ አጠገቧ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ።

ከዚያ ተነሥታ በእጆቿ እየታገዘች ዳገቱን ወጣች። እርምጃዋን እየቆጠረች ወደ ትንሹ አቅጣጫ ሄደች። ከትልቁ አራት ሜትር፣ ከትንሹ ሁለት ሜትር በሚርቀው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። እግሮቿን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ አንሸራታ መሬቱን ሞከረች።

«እዚህ ጋ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። ወደየትም አይጎትተኝም።»

«ሌንዛው የት ነው?» አሉ አባቷ።

ጎንበስ ብላ ፈለገችው። ገመዱ ከጉልበቷ በታች፣ ቅልጥሟ ላይ ነበር። ያዘችውና ከመሬቱ ያለውን ርቀት በስንዝሯ ለካች።

«ዝቅ ብያለሁ» አለች በመጨረሻ። «አይጎትተኝም እንጂ ገና ዝቅ ብያለሁ። ሃያው ከትልቁ ነው፤ አሥሩ ከትንሹ። መጎተታቸውን ነው እንጂ ጥልቀታቸውን አላጣፉትም። ሁለቱም እዚህ አሉ፣ አባ።»

ጥር ሃያ ስምንት ቀን የመንፈቅ ዓመቱ የፊዚክስ ፈተና ተሰጠ። ኦብሴን በቃል የሚፈትኑት መምህር አስረስ ብቻቸውን እንዳይሆኑ፣ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ከሌላ ትምህርት ቤት መምህርት ናዝሬት የሚባሉ የፊዚክስ መምህርት ጋብዘው ነበር። አቶ በንቲ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሙቀት ስለ ነበር የክፍሉ በር አልተዘጋም።

የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ያለ ችግር አለፉ። ከዚያ መምህርት ናዝሬት የሁለቱን አካላት ጥያቄ አነሡ። ኦብሴ ለመቆም ፈቃድ ጠየቀች። ተነሥታ በክፍሉ ውስጥ አራት እርምጃ ሄደችና ቆመች።

«ትልቁ ከኋላዬ አራት ሜትር ላይ ነው፤ ትንሹ ከፊቴ ሁለት ሜትር ላይ። ስበታቸው እዚህ እኩል ነው። ከሩቁ ሜዳ ሠላሳ ዝቅ ብያለሁ።»

«ጥሩ» አሉ መምህርት ናዝሬት። «አሁን ሦስተኛ አካል እንጨምር። በቀኝሽ በኩል፣ ከቆምሽበት አምስት ሜትር ርቆ ተቀምጧል። ክብደቱ እንደ ትንሹ ነው። አሁንስ?»

በኮሪደሩ አቶ በንቲ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ሦስተኛውን አልቆፈርኩላትም፣ ሲሉ አሰቡ። ሁለት ነው ተብለው ሁለት ቆፈሩ፤ ሌላ እንደሚጠየቅ ቢነግሯቸው ኖሮ የቤታቸውን ወለል ነቅለውም ቢሆን ይቆፍሩላት ነበር። ከክፍሉ ገና መልስ አልመጣም። ተነሥተው ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ ከዚያ ምን እንደሚያደርጉ ስላላወቁ ቆሙ።

«ሃያ ለአምስት አራት ነው» አለች ኦብሴ። «ሠላሳ አራት ዝቅ ብያለሁ።»

«ሌሎቹ በፊትና በኋላ ናቸው፤ ይህኛው ከቀኝ ነው የመጣው። አቅጣጫውን አትቆጥሪም?»

«ጥልቀት አቅጣጫ የለውም። ከየትም ይምጣ፣ ይደመራል። አቅጣጫ ያለው ስበቱ ነው። አሁን ወደ ቀኝ እየጎተተኝ ስለ ሆነ እዚህ ዝም ብዬ መቆም አልችልም። ለጥ ያለው ቦታ ወደዚህ ፈቀቅ ብሏል።» ይህን ብላ ወደ ቀኝ ግማሽ እርምጃ ሄደችና ቆመች።

መምህርት ናዝሬት በወረቀታቸው ላይ ምልክት አደረጉ።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አባትና ልጅን ቢሮ አስገቧቸው። ኦብሴ ከመቶ ሰባ ዘጠኝ አምጥታለች፤ የተገባው ቃል ተፈጽሟል፤ በተፈጥሮ ሳይንስ ትቀጥላለች። አቶ በንቲ አመሰገኑ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ወላጅ የሚፈርምበት መሆኑን ነገሯቸውና አነበቡላቸው። ወረቀቱ ላይ፣ ተማሪዋ በቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ተቀምጣ ታዳምጣለች እንጂ ዕቃም ኬሚካልም አትነካም፣ ወላጅም በዚህ ተስማምቷል የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር።

የኦብሴ ጣቶች ጭኗ ላይ ተጨበጡ፤ አቶ በንቲ አዩ።

«ይህን መስመር ማን አስገባው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። «ለእሷው ብዬ ነው። እሳት አለ፤ አሲድ አለ። እንዳትጎዳብዎት።»

«አውቃለሁ። እኔም ብሆን እንደዚሁ ነው የማደርገው፤ አድርጌም አይቼዋለሁ። ግን ይውጣ።»

«ብትቃጠልስ፣ አቶ በንቲ?»

አቶ በንቲ ልጃቸውን አዩ። «ልትቃጠል ትችላለች። መጀመሪያ አሳዩዋት፤ እሳቱ የቱ ጋ እንደ ሆነ በእጇ ከሩቅ ታውቀው፤ ከዚያ ትንካ። ብትቃጠል ልጄን አሳክማለሁ እንጂ እናንተን አልወቅስም። እሱን ይጻፉና እፈርማለሁ።»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ማስመሪያ አንሥተው ዐረፍተ ነገሩን በቀጥታ መስመር ሰረዙ፤ ከሥሩም መምህሩ አጠገቧ ሆነው እየመሯት እንደምትሠራ በእጃቸው ጻፉ። አቶ በንቲ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ስበው ስማቸውን በትልልቅ ፊደል፣ ቀስ ብለው ጻፉ።

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የመጀመሪያው የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ የካቲት ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን ሆነ። በዚያ ዕለት አቶ በንቲ ጀሞ ውስጥ፣ ደረታቸው ድረስ በደረሰ ጉድጓድ ውስጥ እየሠሩ ነበር። ከላይ ሆኖ አፈር የሚቀበላቸው ሠራተኛ ምሥጋና ይባላል። ሰዓት ጠየቁት።

«አራት ሰዓት ሊሞላ ነው፣ አባባ።»

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግመው ጠየቁት።

«አሁን ሞላ። ምነው፣ የሚሄዱበት አለ እንዴ?»

«የለም» አሉ። «ልጄ አሁን እየገባች ነው።»

አካፋቸውን ተደግፈው፣ ራሳቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው፣ ሩቅ ያለ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው ቆሙ። ምሥጋና ምን እንደሚሰሙ ግራ ቢገባውም አልጠየቀም። በመንገዱ ላይ ሚኒባሶች ረዳቶቻቸው እየተጣሩ ያልፉ ነበር። ከዚያ አቶ በንቲ መዳፋቸውን አሻሽተው ሥራቸውን ቀጠሉ።